ነጩ ጦጣ

ከጎሬ ወደ ሁሩሙ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ስንጓዝ፣ ከፊቴ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ያወሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ለልጄ ነጭ ጦጣ አስረንላት ነበር። እንጀራም ወተትም እንቢ አለን።»

«ነጭ? እትዬ፣ እሱማ ጉሬዛ ነው! ሲወለድ ነጭ ነው፤ የእናቱን ጡት ይጠባል፣ ሲያድግም የሚበላው ቅጠል ነው። የሰው እህል ስለማይነካ መነኩሴ እንለዋለን። መነኩሴ ይታሰራል?»

«እኛ ምን አውቀን! እናቱ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጃችን ዋንዛ ላይ አልወርድም አለች።»

«አሁንስ የት አለ?»

«ዛሬ ማለዳ ፈትቼ ከዋንዛው ሥር አስቀመጥኩት። ወረደችና አቅፋው ወጣች።»

«እሰይ! ልጅዎስ?»

«ስታለቅስ ነበር። እናትየዋን ስታይ ዝም አለች።»

እኔም ቤቴ በገመድ ላሰርኩት ጦጣ ከጎሬ የገዛሁትን ሰንሰለት ከስልቻዬ አውጥቼ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ወረወርኩት።