ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ የአቶ ሙላቱ አስረስ ዜና ሕይወት

ጦርነቱ ገና ባልበረደበት በዚህ ወቅት መንገዱ ሳያግዳችሁ ለሽኝት የመጣችሁላቸው አቶ ሙላቱ አስረስ፣ ከአባታቸው ከአቶ አስረስ በዛብህና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺእመቤት ታከለ በ1951 ዓ.ም. ከወልድያ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በወልድያ ተከታትለው፣ በግብርና ሙያም ሠልጥነው፣ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በሐብሩ ወረዳ በባለሙያነት አገልግለዋል።

በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባለም ጋር ትዳር መሥርተው ሃናንና ደጀንን አፍርተዋል።

በዚያው ወረዳ የግራና አካባቢ ገበሬዎች በመስኖ ውኃ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ማርባት ሲጀምሩ፣ አቶ ሙላቱ በየወሩ ከየኩሬው ዓሣ እያወጡ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥቡንና ሥጋውን እየከፈቱ፣ ያገኙትን ተባይ እየቆጠሩ ይመዘግቡ ነበር። በግንቦት ውኃው ጎድሎ ሲሞቅና ዓሣው ሲጨናነቅ ስንጥቡን የሚያጠቃ ጥቃቅን ተባይ እንደሚበዛ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ትሉ የሚያድግበት ቀንድ አውጣ በኩሬው ዳር ስለሚራባ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢጫ ትል ወደ ዓሣው ሥጋ እንደሚገባ የተረዱት ከዚህ የብዙ ዓመት ድካም ነው። ወይዘሮ ውባለምም፣ «የዓሣውን ሕመም በየወሩ ትቆጥራለህ፤ የራስህን ስኳር መቼ ነው የምትለካው?» ይሏቸው ነበር።

ሆኖም አንድ ስህተት ሠርተዋል። ትሉን ለቅሞ አውጥቶ ዓሣውን በደንብ ማብሰል እንደሚበቃ እያወቁ፣ ይህን በየቤቱ ማስረዳት ስለሰለቻቸውና ገበሬው ትሉን አይቶ ኩሬውን እንዳይደፍነው ስለፈሩ፣ «ከመስከረም እስከ ኅዳር ዓሣ አትብሉ» ብለው ነገሩን አሳጠሩት። ገበሬውም አምኗቸው ቃላቸውን ጠበቀ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ፤ አቶ ሙላቱ ወደሚኖሩባት መርሳም ወረደ። ገበያው ተዘጋ፣ ወፍጮው ቆመ፣ የአቶ ሙላቱም የስኳር መርፌ አለቀ። በመስከረም መጨረሻ ከግራና የመጣ ሰው፣ ከባለኩሬዎቹ የአንዱ የአቶ ኑርሁሴን ልጆች በዓሣ የተሞላ ኩሬ አጠገብ ጦማቸውን እንደሚያድሩ ሲነግራቸው፣ ዓሣውን የከለከሉት ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። በማግሥቱ እግራቸው ቆስሎ ሳለ በእግራቸው ወደ ግራና ሄዱ።

የአቶ ኑርሁሴን ባለቤት ወይዘሮ መሪማ፣ አቶ ሙላቱ ዓሣው እንዲወጣ ሲጠይቋቸው፣ «አንቱ ራስዎ አይደሉ የከለከሉን? ወላሂ፣ ትሉም እንደ ሰው ተፈናቀለ እንዴ፣ ጋሽ ሙላቱ?» አሏቸው።

«ትሉማ አለ» ብለው መለሱ፤ «ማስረዳት ታክቶኝ ነው የከለከልኳችሁ።»

ከዚያም በሁሉም ፊት ዓሣውን ሰንጥቀው፣ ቢጫውን ትል አንድ በአንድ ለቅመው፣ አብስለው፣ ቀድመው በሉ። ልጆቹ ተከተሉ። በዚያ ቤት ከወልድያ የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች ተጠግተው ነበር፤ ሥጋ ቢሆን ኖሮ አራጁ ማን ነው ይባል ነበር፣ ዓሣ ግን ይህን አይጠይቅምና ሁሉም ከአንድ ድስት በሉ።

አቶ ሙላቱ በዚያ አላበቁም። ያንኑ ቃል የሰሙ ሌሎች ስድስት ባለኩሬዎች ነበሩና፣ ጥቅምትን ሙሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እያነከሱ፣ ያስተማሩትን መልሰው ሲያርሙ ከረሙ። በመጨረሻው ኩሬ ሲደርሱ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን ማውለቅ አልቻሉም። በታኅሣሥ መንገድ ተከፍቶ ሕክምና ቢያገኙም ቁስሉ ጠንቶ ስለነበር፣ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

የአቶ ሙላቱ ባለቤት ወይዘሮ ውባለም፣ ልጆቻቸው ሃናና ደጀን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ከግራና በእግር መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የቆሙት አቶ ኑርሁሴንና ቤተሰባቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ሃና ይህን ጽሑፍ በአባቷ አልጋ አጠገብ ሆና ስታረቅቅ፣ «ስህተቴን ሳትጽፊ እንዳታልፊው፤ ያልሰማ ቤት ይኖራል» ብለዋታልና፣ አደራቸውን ለመጠበቅ እንናገራለን፦ በእነዚያ ሦስት ወራትም ዓሣው ትሉ ተለቅሞ፣ በደንብ በስሎ ይበላል። ያልሰማ ጎረቤት ያላችሁ ንገሩልን።

ብዙ የደከሙትን የአባታችንን ነፍስ እግዚአብሔር ያሳርፍልን።