ሻይ ለየብቻ

ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ መንገድ ያገናኛቸው ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ተቀምጠዋል። አንዷ ቁሐር ሚካኤል የተመደበች ወጣት የግብርና ባለሙያ ናት፤ ሌላው ወረታ ቢሮ የሚሠሩ ጎልማሳ ናቸው።

«ክረምት ሲገባ ውኃው ይከበኛል፤ ሰው አይመጣ፣ እኔ አልወጣ። የማወራው ከግብርና ጣቢያው ጊደር ጋር ነው» አለች።

«ታድለሽ!» አሉ ሰውዬው።

«እንዴት ጋሼ? እርስዎ ቢሮ ሙሉ ሰው አለልዎ።»

«አዎ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን ነው የምንውለው። ሻይ ግን ለየብቻ ነው የምንጠጣው።»

«ተጣልታችሁ ነው?»

«ኧረ ፍቅራችን ሌላ ነበር! አንድ ቀን ሻይ ላይ ‹ይሄ ስብሰባ በዛ› አልኩ። በሳምንቱ ግምገማ ላይ፣ ሻዩን የጋበዝኩት ልጅ ብድግ ብሎ ‹እሳቸው የአመለካከት ችግር አለባቸው› አለ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? ሂሴን ዋጥኩ።»

«እኔንም እኮ አንድ ለአምስት ተደራጂ ብለውኛል። ጣቢያው ላይ ያለሁት ብቻዬን ነው አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«‹ብቻሽንም ብትሆኚ ግምገማው እንዳይቀር› አሉኝ። ዓርብ ዓርብ ራሴን እገመግማለሁ።»

«ራስሽን? ምን ብለሽ?»

«‹ከጊደር ጋር ወሬ ታበዣለሽ› ብዬ። እኔም ሂሴን ዋጥኩ።»

ሰውዬው ከት ብለው ሳቁና ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እህቴ፣ ይሄን የነገርኩሽን ነገር...»

«ለማን እነግራለሁ ጋሼ? ለጊደሯ?»

«ለሷም ቢሆን ይቅርብሽ።»

ሳቄ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው አየሁና ፊቴን ወደ ሩዝ ማሳው መለስኩ።