ጠበል የተሸከመችው ጀልባ

ባሕርንና የብስን የለየ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በጃንሆይ ዘመን የአንድ የዲላ ቡና ነጋዴ ባለ ሸራ ጀልባ በአባያ ሐይቅ ዓለት ላይ ወጥታ ተያዘች፤ ከሆዷ ሥር ሚዛኗን የሚጠብቀው እንጨትም ተሰነጠቀ። ነጋዴው ጀልባዋን በጭነት መኪና አምጥቶ ከጥምቀተ ባሕራችን አጠገብ ለሚሠራው አናጢ ለጅግሶ ሰጠው። ጅግሶ እንጨቱን ለወጠ፣ ስንጥቁን በእንሰት ቃጫና በሬንጅ ደፈነ፤ ከዚያም በግንድ ደግፎ እስከ አፏ ውኃ ሞላት። «ጀልባ በውኃ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ውኃ በጀልባ ውስጥ ይቀመጣል?» ብዬ ሳቅሁበት። «መሪጌታ፣ ውኃው ከውስጥ ካልወጣ ከውጭም አይገባም» አለኝ።

በማግሥቱ ጥምቀት ነበር። ማለዳ ከታቦቱ ድንኳን ወጥተን ብናይ የጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ተሰንጥቆ ውኃው ሁሉ ፈስሷል። ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል። ቢቸግረን የሳቅሁባትን ጀልባ ውኃ ባርከን ምእመናኑን ረጨን፤ ጠበሉ ጥቂት ሬንጅ ሬንጅ ይል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው መጣ። «ውኃውን ድፋና ጫንልኝ» አለው ጅግሶን። ጅግሶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ጌታዬ፣ ጠበል ነው፤ እርስዎ ይድፉት» አለ። ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። «መሪጌታ፣ ከዓለቱ በገመድ ጎትቼ አወጣኋት፤ ከጠበል በምን ልጎትታት?»

«በጣሳ፣ ልጄ» አልሁት። ነጋዴው ጠበሉን ለምእመናን ሲቀዳ አመሸ።

የሰማችሁኝን ሁሉ ከተያዛችሁበት ዓለት ያላቅቃችሁ፤ አሜን።