ሰፋ አድርግልኝ

ዝናብ ቢያባርረኝ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ገባሁ። ሰፊው የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ መጽሐፍ ከያዘው የእህቱ ልጅ ጋር ይሟገታል።

«ነገ ሄደህ ያንን የፍልስፍና ትምህርት ታስለውጣለህ! ስለ ሞቱ ግሪኮች የሚጨነቅ ሰው በቤቴ አላኖርም።»

«አጎቴ፣ እባክዎ ይስሙኝ። ዛሬ ስለ አንድ የጥንት ግሪክ ፈላስፋ ተማርን። በገበያው እየዞረ ‹ጀግንነት ስትል ምን ማለትህ ነው? ፍትሕ ስትልስ?› እያለ ሰውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር።»

«ሚስት አልነበረችውም?»

«ነበረችው።»

«እግዜር ይሁናት! ጀግንነትን የማያውቅ ማን አለ? አትፈላሰፍብኝ!»

በግሪክኛ ጥበብን መውደድ ማለት የነበረውን «ፍልስፍና» የሚለውን ቃል አፍ መዝጊያ ማድረጋችን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በዚህ መካከል የጎረቤቱ ዳቦ ቤት ባለቤት በሩን በርግዶ ገባ። ኮቱ ከሆዱ ላይ በአንድ ቁልፍ ብቻ ተይዟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልኩህ? ጎኑን ሰፋ አድርግልኝ ብልህ እንደ ከረጢት ትቋጥረኛለህ?»

«ሰፋሁት እኮ! ያውም በድርብ ክር!»

«የታለ የሰፋው?»

«ይኸው! ዓይን የለህም?»

«ውሸታም!»

ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ተነሣ። ተማሪው ግን መካከል ገባ።

«ጋሼ፣ ‹ሰፋ አድርግልኝ› ሲሉ ምን ማለትዎ ነበር?»

«ጠቦኛላ!»

«አጎቴ፣ እርስዎስ ምን መሰለዎት?»

«ተተርትሯል፣ በመርፌ ያዝ ያዝ አድርገው ያለኝ ነው የመሰለኝ።»

ሁለቱም ጎኑን አዩ፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። ባለ ዳቦ ቤቱ ሳቁ ሲያመልጠው ያ የቀረው ቁልፍ ተፈናጥሮ ከእግሬ ሥር ወደቀ።

መርፌም ጨርቁን ሲገጥም መስፋት ነው፤ ጠባቡም ሲለቀቅ መስፋት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቃል ሊፋጁ ነበር። በኮት እንዲህ ከሆነ፣ በፍትሕና በክብር ላይማ ሳንጠያየቅ ስንቱን ጠላት አድርገን ይሆን? የቃሉን ፍቺ አስቀድሞ የጠየቀ ወዳጁንም ሥራውንም ያተርፋል።

ሰፊው ስፌቱን እየፈታ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ግሪክ መጨረሻው ምን ሆነ?»

ተማሪው አመነታ። «ጥያቄው በዛብን ብለው... ገደሉት።»

ሰፊው መቀሱን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እኛ አንገድልህም። ትምህርትህን ቀጥል።»

ዝናቡ አባርቶ ስለ ነበር የራሴን ነገር አነሣሁ፤ «እኔም እጅጌዬን ሰፋ...»

«ቆይ!» አለ ሰፊው ጣቱን ቀስሮ። «ስትል ምን ማለትህ ነው?»