እሑድን ምን እንበለው?

(ጠዋት፤ በሰፈሩ ዕድር ዕቃ ቤት፣ የዕድሩ ዳኛ አቶ ወንድይፍራውና ጸሐፊዋ ስመኝ በአንድ መዝገብ ላይ ተፋጠዋል።)

ወንድይፍራው፦ ሰርዢው።

ስመኝ፦ የቱን?

ወንድይፍራው፦ «ትርምስ» ያልሽውን። ትርምስ የገበያ ነው። እሑድ የወጣነው ጎረቤታችንን ክንዴን ልንቀብር እንጂ በግ ልንገዛ አይደለም።

ስመኝ፦ ድንኳኑ ለቀስተኛው ላይ ወደቀ፤ ሰው በሰው ላይ ወጣ፤ ሴቶቹ ጫማቸውን ጥለው ሮጡ። ታዲያ ምን ልበለው? «ግርግር» ልበል?

ወንድይፍራው፦ ግርግር ካልሽማ «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ብለው ሌባውን ሊፈልጉ ነው። ሰዉ ተረቱን የማያውቅ መሰለሽ?

ስመኝ፦ ሳያውቅ አይቀርም።

ወንድይፍራው፦ ምላስሽን ሰብስቢ።

ስመኝ፦ «ምስቅልቅል»ስ?

ወንድይፍራው፦ እሱ ለተገለበጠ ዕቃ ነው፤ አድራጊ የለውም። እኔ አድራጊ ያለው ቃል ነው የምፈልገው። «ደምሰው ተክሉ በለቅሶ ቤት ሁከት አስነሳ» ብለሽ ጻፊ።

ስመኝ፦ ሁከት ያስነሳ አባል በደንባችን ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ይሰረዛል።

ስመኝ፦ የእናቱንስ የእማማ ይርገዱን ነገር ሰምተዋል?

ወንድይፍራው፦ ታመዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ስመኝ፦ ዛሬ ከተሰረዘ እናቱን ማን ይቀብርለታል?

ወንድይፍራው፦ ይህን አፉን ከመክፈቱ በፊት ማሰብ ነበረበት።

ስመኝ፦ አፉን የከፈተው ድንኳኑ ከወደቀ በኋላ ነው።

ወንድይፍራው፦ በፊት ነው።

ስመኝ፦ እኔ ሸራው ሥር ነበርኩ። ድምፁን የሰማሁት ሸራው ላዬ ላይ እያለ ነው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «የመሐሉ ምሰሶ የት ሄደ?» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ወንድይፍራው፦ ሬሳ ሳይወጣ ስለ ምሰሶ ይጠየቃል? እሱ እንዲያ ሲል ከቀኝም ከግራም «እውነት፣ የት ሄደ?» ማለት ጀመሩ። ይሄ ነው ሁከት።

ስመኝ፦ እሱ ሹክሹክታ ነው። ሁከት ሆን ብሎ የሚያነሳው ሰው አለው።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው «ውዥንብር ነዛ» በይ።

ስመኝ፦ ውዥንብር የሌለ ነገር ሲወራ ነው። ምሰሶው ግን የለም። ለልጅዎ ሠርግ ሦስት ሆኖ ወጣ፣ ሁለት ሆኖ ተመለሰ። እሑድ መሐል ላይ የቆመው በገመድ የታሰረ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ዕድሩ ለሠርግ ድንኳን አያውስም ያለሽ ማነው?

ስመኝ፦ ያውሳል፤ ሲወጣም ሲገባም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የእርስዎ ግን አልሰፈረም። ቁልፉን ከኪስዎ አወጡ፣ ከፈቱ፣ ጫኑ።

ወንድይፍራው፦ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። አባትሽ ሲሞት ሦስት ቀን ከደጃችሁ ያልተነሳሁት እኔ አይደለሁም?

ስመኝ፦ ነዎት። ስለዚህ ነው እስካሁን ምሰሶዋን ያልጻፍኳት። «ትርምስ» ያልኩትም ለደምሰው ብቻ አይደለም፤ ለእርስዎም ነው። ትርምስ ማንንም አይከስም።

ወንድይፍራው፦ አንቺ ለእኔ ምሕረት ልታደርጊ?

ስመኝ፦ መውጫ ልተውልዎ ብዬ ነው።

ወንድይፍራው፦ መውጫ የሚሻ የገባበት ያለው ነው። ስሚ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስዳኝ በዚህ ሰፈር ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ከእሑድ ወዲህ ጤና ይስጥልኝ የሚለኝ ሁሉ በዓይኑ ስለዚያች እንጨት ይጠይቀኛል። ከሁለት አንዳችን መውጣት አለብን፤ እኔ ደግሞ አልወጣም።

ስመኝ፦ ለካ እስካሁን ቃል ስንመርጥ አልነበረም የቆየነው።

ወንድይፍራው፦ ትጽፊያለሽ አትጽፊም?

ስመኝ፦ እጄ እሺ አይለኝም።

ወንድይፍራው፦ ነበልባል የነካሽ አስመሰልሽው። አምጪ እስክሪብቶውን። «በለቅሶ ቤት… ሁከት… አስነሳ።» ይኸው፤ አልከበደም። «ከዛሬ ጀምሮ ከአባልነት ተሰርዟል።» ፈርሚ አንቺም።

ስመኝ፦ ለመሰረዝ የዳኛው ፊርማ ብቻውን ይበቃል። ደንቡን ያረቀቁት እርስዎ ነዎት።

ወንድይፍራው፦ ፈረምኩ። ሌላ የቀረ አለ?

ስመኝ፦ አንድ አለ። ጥሩምባ ነፊው አብሮኝ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። እማማ ይርገዱ ንጋት ላይ አርፈዋል፤ ልንፋ ወይስ ልተው እያለ የእርስዎን ቃል ይጠብቃል። ይውጡና ይንገሩት።