ሳይወልዱ የተያዙ ዓሦች

ከግድቡ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ተዛውሬ ስሄድ ነፋስ በረታና ጀልባው አልነሳ አለ። ዓሣ ከሚመዘንበት መጠለያ ገብቼ ስጠብቅ የሰማሁትን፣ ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑት ሽማግሌ እየተነሱ ውሃውን ያያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። የወንድማቸው ልጅ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ናት። ካርፕ የሚባሉትን ዓሦች አንድ በአንድ በማስመሪያ እየለካች፣ ከእያንዳንዱ ቅርፊት እየነቀለች በወረቀት ትጠቀልላለች። ካርፕ እንቁላል የሚጥልበት ሣራማ ዳርቻ ለሁለት ወር ይዘጋ፣ የመረቡም ዓይን ይስፋ ብላ ሐሳብ አቅርባለች። ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ሊወስን ነው፤ የአጎቷ ቃል ደግሞ የሁሉም ቃል ነው።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ያውቃሉ?»

«አጎቴ፣ ጎተራ መጉደሉን ለማወቅ እህሉ በፍሬ አይቆጠርም» አለች ከሥራዋ ቀና ሳትል።

«ጎተራን ዓይኔ ያየዋል። ዘንድሮ ነፋሱ በዛና ዓሣው ወደ ጥልቁ ወረደ፤ ይመለሳል።»

«አምናም እንዲሁ ብለው ነበር። ካቻምናም።»

ሽማግሌው ወደ በሩ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ወደ እሳቸው ያደላ ነበር። ሰው ልምድን አከብራለሁ ሲል ልማድንም አብሮ ያከብራል።

«ሁለት ወር ሙሉ ዓሣው ሲወልድ የኛ ልጆች ይራቡ?»

«የሚዘጋው ዳርቻው ብቻ ነው፤ መሐሉ ክፍት ነው። ስንት ዓሣ እንደቀረ በትክክል አላውቅም፤ ግምት ነው። እኔ ብሳሳት የሁለት ወር ድካም ነው። እርስዎ ቢሳሳቱ ግን ዘሩ ይጠፋል። ደግሞ እኔን አይመኑ፤ ቢላዋው በእጅዎ ነው።»

ሽማግሌው ሊያሳፍሯት ቢላዋቸውን አነሱ። የዓሦቹን ሆድ እየከፈቱ፣ ወንዱን ከሴቷ እየለዩ ሄዱ። ከሃያ ሦስቱ ሴቶች እንቁላል የቋጠሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ቢላዋውን አስቀመጡ።

እሷም የዛሬውን ቅርፊት ከአጉሊ መነጽር ጋር ሰጠቻቸው። «እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ያወጣል። ይቁጠሩት።»

«አንድ።»

«ይኸኛው የዛሬ ስድስት ዓመት የተያዘው ነው» ብላ ሌላ ቅርፊት አቀበለቻቸው።

«አምስት» አሉ። መነጽሩን መለሱላትና፣ «ዓሣው ሲያንስብን መረቡን እናጥብበው ያልኩት እኔ ነኝ። አገሩን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ገና ሳይወልድ ለካ የልጅ ልጁን ነው የበላነው» አሉ።

«ቸግሮዎት ነው፣ አጎቴ።»

«ችግርስ ችግር ነው። ግን አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ የኔም እንደዚያ ነው።»

በስብሰባው ላይ ይህንኑ ደገሙት፤ ዳርቻው እንዲዘጋ፣ የመረቡም ዓይን እንዲሰፋ ተወሰነ። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ አንድ ዘመዳቸው አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳቸው። በሦስተኛው ዓመት በዚያው ሳልፍ ግን ካርፑ የክንድ ርዝመት ደርሷል። ጀልባዎቹ ነፋስ ሳይነሳ ጠግበው ይመለሳሉ፤ ዓሣው ሲያንስ ሥራ ፍለጋ የወጡ ወንዶችም ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ዕውቀት ልምድን አልሻረም፤ ዓይን ሆነው።

ሽማግሌው ጠባብ መረብ ይዞ የመጣ እንግዳ አጥማጅ ሲያዩ አይቆጡም። ከጎናቸው ያስቀምጡትና፣ «ልጄ፣ እኔ ምን እንዳጠፋሁ ልንገርህ» ብለው ይጀምራሉ።