እስከ እማማ አቺያ ምድጃ የወረደው ውሃ

ስም፦ ኮጆ ባፉር
ዕድሜ፦ 41 ሥራ፦ ግንበኛ
አድራሻ፦ ኩማሲ፣ ሱዋሜ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ
ቀን፦ ቅዳሜ፣ ማርች 16 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ቃል መስጠት የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡20

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የአቶ አጂማንን ጋራዥ ወለል ሊሾ ያደረግሁት ባለፈው ወር ነው። ቤንዚንና ዘይት የሚያስቀር ጉድጓድ መሃል ላይ እንቆፍር ብዬ ነበር። አቶ አጂማን "መኪና የማቆምበትን ቦታ ልትቦረቡርብኝ ነው? ወደ ቦዩ ልቀቀውና ይሂድ" አሉኝ። ሥራው ስለሚቀለኝ ብዙ አልተከራከርኩም፤ ወለሉን ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ቦይ አዘንብዬ ሠራሁት።

ሲደርቅ ሁለት ባልዲ ውሃ ደፍቼ ሞከርኩት። ውሃው የትም ሳያቁር በአጥሩ ሥር ወጥቶ ኬንኪ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ምግብ እየቀቀሉ የሚሸጡት እማማ አቺያ ምድጃ ድረስ ወረደ። የበቆሎ መዘፍዘፊያ ውሃ የሚደፉት ቦዩ ውስጥ ስለሆነ ምድጃቸው ጠርዙ ላይ ነው። "ልጄ፣ ውሃ ቤቴ ድረስ ትልክልኝ ጀመር?" ብለው ሳቁ። እኔም በሥራዬ ኮርቼ ሳቅሁ።

ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የተረፈ ሲሚንቶ ልወስድ ስሄድ አቶ አጂማን ወለሉን በቤንዚን ያጥቡ ነበር። ቤንዚኑ እኔ ባበጀሁለት መንገድ ሲወርድ አየሁ። "እማማ፣ ከእሳቱ ይራቁ" እያልኩ ሮጥኩ። የድስቱን ክዳን እንደያዙ ዞር ብለው "ምን ሆንክ ልጄ?" አሉኝ። ወዲያው ቦዩ ተቀጣጠለ። የቀሚሳቸውን እሳት በእጄ አጠፋሁ። ሆስፒታል ወስደዋቸዋል፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የነገረኝ የለም።

አቶ አጂማን በራቸውን ዘግተው እሳቱ የተነሳው ከሴትዮዋ ምድጃ ነው እያሉ ነው፤ ሰዉም አምኗቸዋል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። መታሰሩን ብቻ አይደለም የምፈራው። በዚያው መስመር ሌሎች ሁለት ጋራዦችን ልክ እንደዚሁ አዘንብዬ ሠርቻለሁ። ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ወለላቸውን በቤንዚን ያጥባሉ፤ ከሁለቱም በታች ኬንኪ የሚቀቅሉ ሴቶች አሉ። ስልኬ እሳቱ ውስጥ ቀርቷል። ይህን ፖሊስ ጣቢያ እንደገባሁ ለመርማሪው ተናግሬ፣ መጀመሪያ ቃሌን እንድጨርስ ታዝዣለሁ።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ሌላው ነገር ይቆይና ወደ ሁለቱ ጋራዦች ሰው እንዲላክ እለምናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ እጆቹ በፋሻ ስለታሰሩ አልፈረመም
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡55